ክሪክ ያነሳል፣ ስታንድ ይሸከማል፦ መኪናን በሰላም ከፍ የማድረግ አሠራር ለአዳማ ባለመኪናዎች

ክሪክ መኪና ለማንሳት የተሠራ ዕቃ ነው፤ አንስቶ ለማቆየት አልተሠራም። የሃይድሮሊክ ክሪክ ክብደቱን የሚይዘው ሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግዱት ደግሞ ጥቂት ጎሚኒዎች (የላስቲክ ቀለበቶች) እና አንዲት የማውረጃ ቫልቭ ናቸው። የቫልቯ መቀመጫ ላይ አሸዋ ከገባ ወይም ጎሚኒው ካረጀ ክሪኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጎሚኒው ከተቀደደ ግን ምንም ምልክት ሳይሰጥ ዘጭ ይላል። ስለዚህ ስታንድ፣ ማለትም የተነሳውን መኪና የሚሸከመው ባለ እግር የብረት ድጋፍ፣ ያልገባበት መኪና ሥር ጭንቅላት ቀርቶ ክንድም አይገባም። ዘይት ለመቀየርም ሆነ ከሥር የሚንኳኳውን ለአንድ አፍታ ብቻ ለማየት ደንቡ ያው ነው። አደጋው የሚመጣው ደግሞ በዚችው «ለአንድ አፍታ» ነው፤ ሰው ለረጅም ሥራ ሲሆን ይዘጋጃል፣ ለአጭሩ ግን ይቸኩላል።

ምን ያስፈልጋል?

ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለኮሮላና ለዲዛየር ባለ 2 ቶን ባለ ጎማ ክሪክ ይበቃል። ቪትዝ ወደ 1 ቶን፣ ኮሮላ እንደ ሞዴሉ ከ1.1 እስከ 1.3 ቶን ይመዝናል፤ ክሪኩ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ደግሞ አንዱን ጫፍ ወይም አንዱን ማዕዘን ብቻ ነው። ሞተሩም ማርሹም ፊት ለፊት ያለበት መኪና ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚጥለው በፊት ጎማዎቹ ላይ በመሆኑ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ይከብዳል። ለሂሉክስ፣ ለሃይየስ ሚኒባስና ለላንድክሩዘር 3 ቶን ይያዙ። ምክንያቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ባለ 2 ቶን ክሪኮች 35 ሳ.ሜ ገደማ ሲደርሱ ያበቃሉ፣ ከፍ ያለ መኪና ደግሞ እዚያ ላይ ጎማው ገና ከመሬት አይለቅም።

ክሪክ ከመግዛትዎ በፊት በሜትር ከመሬት እስከ መኪናዎ ማንሻ ቦታ ያለውን ይለኩ። ጎማው የተነፈሰ ዕለት ይህ ቁመት ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ ጥሩ የሚሠራ ክሪክ ጎማ የፈነዳ ቀን ሥር አልገባም የሚለው በዚህ ነው። ለትንንሽ መኪናዎች ሙሉ በሙሉ ወርዶ 10 ሳ.ሜ ገደማ የሚሆነውን ይምረጡ።

ስታንድ ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛል፤ መኪናውን በአራቱም ማዕዘን ለማንሳት ካሰቡ ሁለት ጥንድ ያስፈልግዎታል። የተጻፈበት ቶን ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ የሚለውን መለያው ላይ ያንብቡ፤ ካልተገለጸ ለጥንዱ ነው ብለው ያስሉ። አሮጌ የሚገዙ ከሆነ የእግሮቹን ብየዳ በብርሃን ይመርምሩ። የተሰነጠቀ፣ እግሩ የታጠፈ ወይም ቁመቱን የሚይዘው ጥርስ የተበላ ከሆነ በነጻም አይውሰዱት። በቱቦ የተበየደ ስንት እንደሚችል ያልተጻፈበት የሰፈር ሥራ ስታንድም አንመክርም። ብየዳው ከውጭ ቢያምርም ውስጡ ምን ያህል እንደያዘ የሚታወቀው መኪና ሲጫንበት ነው፤ ያኔ ደግሞ ሥሩ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ብሎኬት ፈጽሞ አይጠቀሙ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ክብደቱ በትንሽ ቦታ ሲያርፍበት እንደ እንጨት ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ በአንዴ ይፈረካከሳል። ትናንት ችሎ ነበር ማለት ዛሬ ይችላል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ጭነት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ትቶበት ሊሆን ይችላል። ሸክላ ጡብም፣ የተደራረበ ድንጋይም፣ ጎን ለጎን የተደረደረ ቸርኬም ያው ነው።

ከእነዚህ ሌላ ጎማ እንዳይንከባለል የሚያግዱ አራት ታኮ፣ አንድ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ጓንትና የእጅ ባትሪ ያዘጋጁ። ለታኮ ድቡልቡል ድንጋይ አይሆንም፤ ጎማው ገፍቶት ይሄዳል። ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው በሰያፍ የተቆረጠ ወፍራም እንጨት ይሻላል።

መሬቱ

ብዙ መመሪያዎች «ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንላለን፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

የባለ ጎማ ክሪክ ክንድ ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት ይሠራል። የክሪኩ ራስ፣ መኪናውን የሚነካው ጫፍ፣ ከፍ እያለ በሄደ መጠን ወደ እጀታው በኩል ይመለሳል። መኪናው በታኮ ስለታሰረ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለበት ክሪኩ ነው፤ ጎማ የተደረገለትም ለመጎተት ብቻ ሳይሆን እያነሳ ወደ መኪናው ሥር እንዲንከባለል ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ከተያዘ ክሪኩ ባለበት ይቀራል፣ ራሱ ግን ወደ ኋላ መሸሹን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ከማንሻው ቦታ ተንሸራቶ ይወጣል። «ክሪኩ ከዳኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ክሪኩ መንከባለል ስላልቻለ ነው።

አዳማ ውስጥ ይህን የሚያመጡ መሬቶች በየሰፈሩ አሉ። ኮብልስቶን ላይ የክሪኩ ትንንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይገባሉ። ልል የሆነው አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ክሪኩ እያነሳ በሄደ ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሲሰምጥም ያዘነብላል። በቀትር ፀሐይ የሞቀ አስፋልትም ይለሰልሳል፤ ክሪኩን ቢችል እንኳ የስታንዱ ቀጭን እግሮች ቀስ በቀስ ይገቡበታል። ሥራው ረዘም የሚል ከሆነ ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ያድርጉት።

መፍትሔው ውድ አይደለም። 18 ሚ.ሜ ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ በ60 በ120 ሳ.ሜ ቆርጠው ክሪኩ ሥር ያንጥፉ። ርዝመቱ ክሪኩ በሚንከባለልበት አቅጣጫ ይሁን፤ ክሪኩን ብቻ የሚያክል ቁራጭ ካነጠፉ ሲንከባለል ከጠርዙ ይወድቃል። ለየስታንዱ ደግሞ 40 በ40 ሳ.ሜ የሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ፣ አራቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ እንዲያርፉበት ሆኖ ይቀመጥ። ዝናብ የጠገበ አፈር ላይ ግን ጣውላም አያስተማምን፤ መኪናውን ወደ ሲሚንቶ ያውጡት።

የግቢ ሲሚንቶ ከሁሉም ይሻላል፤ ሆኖም ብዙ ግቢ ውኃ እንዲወርድ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ነው። ዓይን ይህን አያየውም። ክብ የውኃ ጠርሙስ መሬት ላይ አጋድመው ይልቀቁ፤ ከተንከባለለ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ይቀይሩ። ጎማ በፈነዳበት መንገድ ዳር ቁልቁለት ከሆነ የተነፈሰውን ጎማ ቢሠዉም እንኳ በዝግታ ወደ ሜዳው ይንዱ፤ ጎማ ይገዛል። የፍጥነት መንገዱ ላይ ከሆኑ ደግሞ በሚያልፈው መኪና በኩል ያለውን ጎማ ራስዎ ለመቀየር አይሞክሩ። ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ በርቀት አስቀምጠው፣ ሰዎቹን ከአጥሩ ባሻገር አውጥተው እርዳታ ይጥሩ። የሚያልፍ ከባድ መኪና የሚገፋው ንፋስ ብቻውን በክሪክ ላይ ያለችን ትንሽ መኪና ያወዛውዛል፤ የአዳማ ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ታኮና ፍሬን

የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላውን ጫፍ ሲያነሱ የእጅ ፍሬኑ አየር ላይ ያሉ ጎማዎችን ነው የያዘው፤ መኪናውን መሬት ላይ የሚያቆመው የለም። አውቶማቲክ ማርሽን «ፒ» ላይ ማድረግም የሚያግዘው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ኃይሉ ወደ ፊት ጎማዎች በሚሄድበት መኪና አንዱን የፊት ጎማ ብቻ ሲያነሱ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) አየር ላይ ያለው ጎማ በነጻ እንዲዞር ይፈቅዳል፤ መሬት ላይ ያለውም በተቃራኒው መዞር ይችላል። ይኸው ነገር በማንዋል ማርሽ አንደኛ ላይ ሲደረግም አለ።

ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሹን «ፒ» ወይም አንደኛ ላይ ያድርጉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትም ኋላም ታኮ ይጣሉ። የፊቱን ሲያነሱ ታኮው በኋላ ጎማዎች፣ የኋላውን ሲያነሱ በፊት ጎማዎች ነው። ታኮውን በእግር ገፋ አድርገው ከጎማው ጋር ያጣብቁት። መኪናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ፤ ሕፃናት ግቢው ውስጥ ካሉ አንድ ትልቅ ሰው ይጠብቃቸው።

ጎማ የሚፈታ ከሆነ ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ያላሉ። መኪናው ከተነሳ በኋላ በሙሉ ጉልበት መፍቻ መሳብ ከስታንድ የሚያወርደው የመጀመሪያው ነገር ነው።

የት ይነሳል?

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ አለ፤ መጽሐፉ በእጅዎ ካለ ከእኛ ይልቅ እሱን ይመኑ። በትንንሽ መኪናዎች በሮቹ ሥር በርዝመቱ የሚሄድ የተበየደ የላሜራ ጠርዝ አለ። ከፊት ጎማ በስተኋላና ከኋላ ጎማ በስተፊት ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቁርጦች ያገኛሉ፤ የተጠናከረው ቦታ በሁለቱ ቁርጦች መካከል ያለው ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ጠርዝ ይታጠፋል። የክሪኩ ብረት ራስ በቀጥታ ካረፈበትም ጠርዙ ይደፈጠጣል፣ ቀለሙም ተልጦ ዝገት ይጀምራል። የላስቲኩ ጥቅም እዚህ ነው፤ መሐሉን 1 ሳ.ሜ ያህል ሰርስረው ጠርዙ ውስጡ እንዲገባ ያድርጉ።

ሁለቱን የፊት ጎማ በአንዴ ለማንሳት ከሞተሩ ሥር ያለው ወፍራም የብረት አግዳሚ፣ ክሮስሜምበር የሚባለው፣ ያገለግላል፤ አምራቹ የፈቀደው ከሆነ ነው። ሂሉክስን በመሳሰሉ ሻንሲ ባላቸው መኪናዎች ከፊት ሻንሲው ራሱ፣ ከኋላ ደግሞ የአክስሉ ቱቦ በባሌስትራው አጠገብ አስተማማኝ ናቸው።

የማይነኩት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የሞተር ዘይት ኮፓ፣ የማርሽ ሣጥኑ ሥር፣ የራዲያተር ማቀፊያ፣ የነዳጅ ታንክ፣ ማርሚታና ቧንቧው፣ የፕላስቲክ ሽፋን ያለበት ማንኛውም ቦታ። ኮፓ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ቢደፈጠጥ እንኳ ዘይት መሳቢያውን ሊዘጋና ሞተሩን ሊያስነክስ ይችላል።

ኤሌክትሪክ መኪናዎች የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የአብዛኞቹ ወለል ባትሪ ነው፤ የክሪኩ ራስ ከማንሻው ቦታ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ካመለጠ ያረፈው ባትሪው ሣጥን ላይ ነው። የሣጥኑ መደፍጠጥ ሴሎቹን ሊጎዳና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በአራቱ ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ያንሱ፤ ምልክቱን ካላገኙ ሊፍት ያለው ጋራዥ ይውሰዱት።

አነሳሱ

የክሪኩን የማውረጃ ቫልቭ በሰዓት አቅጣጫ ይዝጉ፤ በእጅ እስኪጠብቅ ብቻ፣ በጉልበት አይደለም። ራሱን በማንሻው ቦታ መሐል አስተካክለው ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ያንሱ። አሁን ተንበርክከው ከጎን በባትሪ ይመልከቱ። ጠርዙ ላስቲኩ ውስጥ ገብቷል? ራሱ ሙሉ በሙሉ ደርሷል ወይስ ግማሹ አየር ላይ ነው?

መኪናው 2 ወይም 3 ሳ.ሜ ብቻ እስኪነሳ እጀታውን ይምቱና ያቁሙ። ይህች ማቆሚያ የብዙ ሰው እጅ አድናለች ማለት ይቻላል። ክሪኩ ጎን ለጎን አዘንብሏል? መሬቱ ላይ ተንከባልሏል? ታኮዎቹ ከጎማው ርቀዋል? አንዱም ቅር ካሰኘዎት አውርደው እንደገና ይጀምሩ። ሁሉም ደህና ከሆነ በቀስታ ይቀጥሉ፤ በየጥቂቱ ክሪኩ እየተንከባለለ መሆኑን ይመልከቱ። ከሚያስፈልገው በላይ አያንሱ፤ ለጎማ ቅያሪ ጎማው ከመሬት 5 ሳ.ሜ ቢለቅ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ነገር ይመጣል፦ ክሪኩ የያዘው ቦታ ስታንዱ የሚፈልገው ያው ቦታ ነው። ክሮስሜምበሩ የሚቻል ከሆነ ክሪኩን እዚያ አድርገው ስታንዶቹን በጎን ጠርዞቹ ላይ ያሳርፉ። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ሰውነታቸው ጠንካራ የሆኑ መኪናዎች በፊተኛው የጎን ማንሻ ሲነሱ በዚያው በኩል ያለው የኋላ ጎማም አብሮ ይነሳል፤ ያኔ የመጀመሪያውን ስታንድ ከኋላው ማንሻ ሥር ማስገባት ይቻላል።

ስታንዱን ሲያስገቡ ከእግሩ ይዘው ከውጭ ይግፉት፤ ክንድዎ ከመኪናው ሥር አይሻገር። የሁለቱም ጥርስ ቁጥር እኩል ይሁን። ማቆሚያ ምላሱ ጥርሱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ያረጋግጡ፤ በግማሽ የተያዘ ጥርስ ባዶውን ሲሆን የቆመ ይመስላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይለቃል። ፒን ያለው ዓይነት ከሆነ ፒኑ በሁለቱም በኩል ወጥቶ ይታይ። ከዚያ ቫልቩን በጣም በትንሹ ከፍተው መኪናውን ስታንዱ ላይ ያውርዱ።

ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ስታንዱ ላይ ካረፈ በኋላ ክሪኩን ከማንሻው ጋር እስኪነካካ ብቻ ይመልሱትና እዚያው ይተዉት። የተፈታውን ጎማ ወይም ስኮርታውን ደግሞ በጎን ጠርዙ ሥር አጋድመው ያስገቡ፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው ደረትዎ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ ይሆናል። አሁን ከጎን ቆመው መኪናውን በሁለት እጅ ገፋ ገፋ ያድርጉ። ከተወዛወዘ ወይም ከጮኸ እርስዎ ውጭ እያሉ ይታወቅ። ጸጥ ብሎ ከቆመ ይግቡ፤ ግን ለሰው ተናግረው፣ ስልክዎን እጅዎ የሚደርስበት አድርገው።

አራቱንም ማዕዘን

አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻ አንስቶ ወደ ሌላው መሄድ ስህተት ነው። የኋላው ሲነሳ መኪናው በፊት ስታንዶቹ ላይ ይሽከረከራል፤ የፊቱ በጣም ከፍ ካለ ስታንዶቹ በአንድ በኩል ባሉ እግሮች ብቻ ይቆማሉ። የፊቱን ዝቅተኛ ጥርስ ላይ፣ ከዚያ የኋላውን ዝቅተኛ ጥርስ ላይ፣ እንደገና ፊቱን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ እያደረጉ ይውጡ። በየጊዜው የአራቱም ስታንድ እግሮች በሙሉ ጣውላውን መንካታቸውን ይመልከቱ። አራቱም ጎማ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ ፍሬንም ታኮም ዋጋ የላቸውም። የቆመው በስታንዶቹ ብቻ ስለሆነ ረጅም መፍቻ በኃይል የሚጠይቅ ሥራ በዚህ ሁኔታ አይሠራም።

አወራረድ

መሣሪያ፣ ጨርቅና ሰው ከሥር መውጣቱን ያረጋግጡ። ክሪኩን መልሰው በቦታው አድርገው ስታንዱ እስኪላቀቅ ብቻ ያንሱ፣ ስታንዱን ከእግሩ ይዘው ያውጡ፣ ከዚያ ቫልቩን በቀስታ ይክፈቱ። በአንዴ ሩብ ዙር ከተከፈተ መኪናው ሊወረወር ይችላል፤ በተለይ ከባድ መኪና በትንሽ መክፈትም ይፈጥናል። ሲወርድም ክሪኩ መንከባለል አለበት፤ በዚህ ጊዜ የሚንከባለለው ወደ ኋላ ነው፣ ስለዚህ እግርዎን ከኋላው ያርቁ።

የጎማውን ቡሎኖች አየር ላይ እያለ በእጅ፣ መሬት ሲነካ በመፍቻ፣ በተቃራኒ እያቀያየሩ ያጥብቁ። ለቪትዝና ለኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌለዎት ይህ 40 ሳ.ሜ ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪ.ግ ያህል መጫን ነው። መፍቻው ላይ በሁለት እግር ቆሞ መዝለል ቡሎኑን ይስበዋል፣ ጥርሱንም ያበላሸዋል። ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ እዚያ ሲደርሱ ማለት ነው።

ክሪኩ ሲያስቸግር

መኪና ተሸክሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ክሪክ ከሥራ ይውጣ፤ ጎሚኒ ሳይቀየርለት አይመለስ። ሲመቱት እንደ ስፖንጅ የሚል ወይም እየዘለለ የሚያነሳ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ቫልቩን ከፍተው ያለ ጭነት 10 ወይም 15 ጊዜ ይምቱት፣ ከዚያ ዘግተው ይሞክሩ። ሙሉ ቁመቱን የማይደርስ ከሆነ ዘይት ጎድሎታል። ክሪኩን ሙሉ በሙሉ አውርደው በቡሽ ቀዳዳው በኩል እስከ ቀዳዳው ከንፈር ድረስ የሃይድሮሊክ ዘይት ይሙሉ። የፍሬን ዘይት አያድርጉበት፤ የክሪኩን ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሸዋል። ከመጠን በላይ ጭነት የሚከላከለውን ብሎን ማጥበቅም ክልክል ነው፤ ክሪኩ ያንን መኪና አላነሳም ካለ ትልቅ ክሪክ ይፈልጉ።

የአዳማ አቧራ የክሪክ ጠላት ነው። ከሥራ በኋላ የፒስተኑን ዘንግ በጨርቅ ይጥረጉ፣ መገጣጠሚያዎቹንና ጎማዎቹን ግራሶ ይቀቡ፣ ክሪኩን ሙሉ በሙሉ አውርደው በሽፋን ያስቀምጡት። ዘንጉ ወጥቶ ከተቀመጠ አቧራው ይጣበቅበታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባም ጎሚኒውን ይሞርደዋል።

ድንገት መኪና ወርዶ ሰው ከተያዘ ደግሞ ሰውየውን አይጎትቱ። ክሪኩን በሌላ ጠንካራ ቦታ አድርገው መኪናውን ያንሱ፣ ስታንድ ወይም ጎማ ያስገቡ፣ ከዚያ ያውጡት፤ ሌላ ሰው በዚሁ መሐል የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥራ።